የጳጉሜ ጓዳ

የመጻሕፍት መድረካችንን ወደ አዲስ ሶፍትዌር ያዛወርነው ወደን አልነበረም። አሮጌውን ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ራሳቸው ከተዉት ቆይተዋል፤ ሰርቨር የሚያከራየን ድርጅት ደግሞ እንዲህ ያለውን ያረጀ ነገር ከእንግዲህ ማስተናገድ እንደማይችል በትሕትና ጽፎልን ነበር። አባሎቻችንም በስልክ ሲከፍቱት ፊደሉ እንደ ጤፍ የሚደቅቅባቸው ገጽ ሰልችቷቸው አንድ በአንድ ወደ ቴሌግራም ፈልሰዋል። የቀረነው አንድ ልብ ወለድ አንብበን ለሳምንታት የምንከራከር፣ የሦስት መስመር አስተያየት የማያረካን ጥቂት ሰዎች ነበርን። እኔ ከአወያዮቹ አንዱ ነበርሁ። ሥራዬ በአብዛኛው የተጣሉትን ማስታረቅና ማንም ተመልሶ የማያያቸውን የቆዩ ክርክሮች እንደ ሙዚየም ዘበኛ መጠበቅ ነበር።

ወደዚህ መድረክ ያስገባኝ ጓደኛዬ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እንተዋወቃለን። እሱ የመንገድ ቀያሽ ሆኖ አገር ላገር ሲዞር፣ እኔ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ቢሮ የሰነድ አርታኢ ሆኜ ቀረሁ። ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ መጽሐፍ ጠፍቶ አያውቅም። ገርጂ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ወደ ሰሜን፣ ወደ አያቶቹ አገር፣ ለጥቂት ሳምንታት ብሎ ሄደ፤ ከዚያ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። በተከፈተ ጊዜ ለየቤቱ የየራሱ ወሬ መጣ። ለአንዳንዱ ሰውየው ራሱ፣ ለአንዳንዱ ድምፁ፣ ለአንዳንዱ መርዶው ደረሰ። ለእሱ ቤት ምንም አልመጣም። አየሁት ያለ የለም፤ ቀበርሁት ያለም የለም። ስለ እሱ ሳወራ በ«ነበር» እና በ«ነው» መካከል እየተሰናከልሁ የምናገረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እናቱ ኢምፔሪያል አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። ምስማር፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ ይሸጣሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ሻይ ይቀርባል፤ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለ ቀለም ጥራት መውረድ እናወራለን፤ በመካከሉ አውሮፕላን በቤቱ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ድምፁ ሲርቅም የጀመርነውን ወሬ ከየት እንዳቆምነው አናስታውስም። የእድሩ ሽማግሌዎች ቁርጡን ተቀብለው እንዲቀመጡ፣ እንዲያለቅሱ፣ ተዝካሩም እንዲወጣ ደጋግመው መክረዋቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው።

«መርዶ ያመጣልኝ ሰው አለ? ከሌለ ለማን ብዬ ነው የምቀመጠው?»

አንድ እሑድ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «እናንተ ጋ የሚጽፈው ነገር ነበረው አይደል? አሳየኝ እስቲ።»

አባል አድርጌ መዘገብኋቸው፤ በስሙ የተጻፈ ነገር ሁሉ እንዲደርሳቸውም ስልኩን አስተካከልሁት። መነጽራቸውን አድርገው፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ በቀለም ቆርቆሮዎች መካከል ተቀምጠው የልጃቸውን ጽሑፍ በሙሉ አነበቡት። ስለማያውቋቸው መጻሕፍት፣ ስለማያውቋቸው ገጸ ባሕርያት የተደረገ ክርክር ነው፤ ግን አንድ መስመር አልዘለሉም።

«ወደይ» አሉኝ አንድ ቀን፤ በአገራቸው ቋንቋ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ይኼ "ውድ ወንድሜ ሆይ፣ ፍጹም ተሳስተሃል" እያለ ልጄን የሚጨቀጭቀው ሰውዬ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አይ! አንተ ነህ እንዴ? እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣ ዳኛ መስሎኝ።»

እንዲህ እያሉ ሁሉን አንብበው ጨረሱ። ሁሉን ግን አልነበረም። መድረኩ አንድ ልማድ ነበረው። በጳጉሜ ቀናት የመጽሐፍ ክርክር ይቆምና «የጳጉሜ ጓዳ» የምንለው ክፍል ይከፈታል። መሥራቹ፣ ዛሬ ከኢንተርኔት ፈጽሞ የራቀ ሰው፣ ጳጉሜ ደመወዝ የማይታሰብባት፣ ከወራት ሒሳብ የወጣች ናትና በእርሷ የተጻፈም ከክርክር ሒሳብ ውጪ ይሁን ብሎ የጀመረው ነው። ማንም የልቡን ይጽፋል፤ ማንም መልስ አይሰጥም። በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ጓዳው ይዘጋል። የተጻፈው አይጠፋም፤ ግን ከዚያ በኋላ ለማንም አይታይም። ሰዎች እዚያ የጻፉትን ነገር እርስ በርሳችን ስንገናኝ እንኳ አናነሣውም ነበር። ለእናቱም ስለ ጓዳው አልነገርኋቸውም፤ የእኔ ብቻ አልነበረምና።

ዝውውሩን የሠራችልን ከአባሎቻችን አንዷ የሆነች ፕሮግራመር ናት። ያደገችው ሆሳዕና ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን ልምምድ ስላላት ከምሳ በፊት ጨርሳ ለመውጣት ትቸኩላለች፤ እየሠራችም ታንጎራጉራለች። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሩዋንዳ አካባቢ ባለው ቢሮዋ ተገናኘን። ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

«ለአባላቱ የላክኸውን ማስታወቂያ አየሁት» አለችኝ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «"ዝውውሩ በሚከናወንበት ጊዜ ሊያጋጥም ስለሚችለው መጉላላት ከወዲሁ ልባዊ ይቅርታ እንጠይቃለን።" አንተ ሰውዬ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ነህ እንዴ?»

«በጨዋ ቋንቋ መጻፍ ነውር ሆነ?»

«ነውርስ አይደለም። ግን "ለትንሽ ሰዓት ይዘጋል፣ ቻው" ብትላቸው ማን ይቀየምሃል?» ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ከበድ አለ። «ይኼ መሥራቻችሁ ግን ጉድ ነው። ቀኖቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር በፊደል ጽፎ ነው ያስቀመጣቸው። አዲሱ ሲስተም የሚገባው የፈረንጁ ብቻ ነው። ቀያሪ ፕሮግራም አግኝቻለሁ፤ አንተ እያየህ አመሳክርልኝ።»

እኔ ከአሮጌው መድረክ ጽሑፎች እየመረጥሁ ቀናቸውን አነበብሁላት፤ እሷ በአዲሱ ላይ ትፈልጋለች። የመስከረሙ ትክክል ነበር። የኅዳሩም፣ የሚያዝያውም፣ የሐምሌውም። ከዓመት ዓመት እየዘለልን ሄድን፤ ሁሉም በየቦታው ተገኘ። አዲሱ ገጽ ሰፊ፣ ንጹሕና ብሩህ ነበር። የጓደኛዬን የቆዩ ጽሑፎች በዚያ ንጽሕና ውስጥ ሳያቸው አዲስ ቤት ገብተው ገና ዕቃቸውን ያላወረዱ ሰዎች መሰሉኝ።

«አለቀ!» አለች እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ። «ማሳወቂያውን ልክፈተው?»

«ክፈቺው።»

ወደ ኢምፔሪያል በሚሄድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቤ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አባላት አዲሱን ቤት እየጎበኙ ነው አልሁ። ከፍቼ አየሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ተጣልታን መድረኩን ጥላ የሄደች ሴት ዛሬ ጽፋለች ይላል። ቀጥሎ ድምፁ ከጠፋ የቆየ አንድ ገጣሚ። ቀጥሎ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት፣ በቀብራቸው ላይ የቆምንላቸው መምህር። «ዘንድሮ ዓይኔ ደከመ፤ ከእናንተ ጋር መሆኔ ግን ያበረታኛል» ይላል ጽሑፋቸው። ከሥሩ ቀኑ ተጽፏል፦ ዛሬ። በቅርብ የገባና ነገሩን የማያውቅ አንድ አባልም ወዲያውኑ መልሶላቸዋል፦ «መምህር፣ እንኳን በደህና ተመለሱ!»

ከዚያ የእሱ ስም መጣ።

«ዝናቡ ሊያባራ አልቻለም። ኔትወርኩ እየመጣ ይሄዳል። እኔ ደህና ነኝ፤ መጽሐፉንም ጨርሼዋለሁ። ስመለስ እንነጋገርበታለን።»

አእምሮዬ ነገሩን ከመመርመሩ በፊት ሰውነቴ አመነ። አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ ይዤ «ጻፈ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን የምጽፈው እናቱን የዋህ አድርጎ የሚገምት ሰው እንዳይኖር ነው። እኔ የመምህሩን ጽሑፍ አንብቤ፣ የሞተ ሰው እንደማይጽፍ አውቄ፣ አንድ መስመር ወረድ ብዬ ደግሞ አመንሁ።

«ወንድም፣ ኢምፔሪያል አላልክም? ተኝተሃል እንዴ?» አለኝ ረዳቱ። በሩን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ወርጄ ቆሜ የጓዳውን ነገር አስታወስሁ። ያ ጽሑፍ የጳጉሜ ጽሑፍ ነበር። የመምህሩም፣ የሴትዮዋም፣ የገጣሚውም። በዚህ ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ የደወሉት እናቱ ናቸው። ከድምፃቸው በፊት የሰማሁት እልልታ ነበር።

«ወደይ! አየኸው? ጻፈ! ልጄ ጻፈ!»

«እማማ...»

«ዝም በል! ምንም አትበል፤ እንዳታስለቅሰኝ። ደህና ነኝ ብሏል። ስመለስ ብሏል። ነገ መድኃኔዓለም ነው፤ ስለት አለብኝ፤ እየወጣሁ ነው!» ዘጉት።

ስለታቸውን አውቀዋለሁ። ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ካሰማቸው ለመድኃኔዓለም ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ሊያስገቡ ተስለው ነበር። ስለት ሲገባ ደግሞ በዝምታ አይደለም። ስለቱን የሚቀበለው ሰው በድምፅ ማጉያ ለምን እንደገባ ይናገራል፤ ምእመኑ እልል ይላል። ከዚያ የእድሩ ሰው፣ የገበያው ሰው፣ ዘመድ ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት ሊል ቤታቸውን ይሞላል። ያ ሁሉ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ልጁ አልጻፈም ብሎ የሚናገር ሰው ምን ዓይነት አፍ ሊኖረው ይችላል? ሊነገራቸው የሚገባው ከነገ ጠዋት በፊት ነበር፤ የሚነግራቸውም ከእኔ ሌላ አልነበረም።

ለፕሮግራመሯ ደወልሁ። ነገሩን ገና ሳልጨርስ ቁልፎቹን ስትነካካ ተሰማኝ።

«ቆይ... ቆይ እስቲ... ኧረ ጌታ ሆይ!» አለች። «ጳጉሜ! ያመጣሁት ቀያሪ የሚቀበለው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያገኝ ቀኑን ባዶ አድርጎ አልፎታል። አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ ቀን የሌለው ጽሑፍ ሲገባለት የዛሬን ይሰጠዋል። መዝጊያውም አብሮ አልመጣም፤ ጓዳው በሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል።»

«ስናመሳክር እንዴት አላየነውም?»

«ተዘግቶ አይደል እንዴ? ከምናየው ውስጥ የለማ!» ቁልፎቹ እንደገና ተንኳኩ። «ለቱሪስት የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ እያልን እንፎክራለን፤ አሥራ ሦስተኛዋን ግን ሁለታችንም ረሳናት።» እንደ ልማዷ ልትስቅ የጀመረች መሰለኝ፤ ግን አልሳቀችም። «አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። ደቂቃም አይፈጅ።»

«አትንኪው።»

«እንዴ! ለምን?»

«እናቱ አይተውታል።»

ቁልፎቹን መነካካቷን አቆመች።

«ሳልደርስ ብታነሺው» አልሁ፣ «ዓይናቸው እያየ ሁለተኛ ይጠፋባቸዋል። መጀመሪያ እኔ ልንገራቸው።»

«እሺ» አለች በቀስታ። «እጸልይልሃለሁ። ስትጨርስ መልእክት ላክልኝ።»

መደብሩ ጋ ስደርስ ተዘግቶ ነበር፤ በቅዳሜ ቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። ከጎኑ መስታወት የሚቆርጠው ጎረቤት ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ዘረጋልኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ! ጓደኛህ ጻፈ አይደል? እትዬ ጃንጥላ ሊገዙ ሄዱ። እልልታቸውን ሰምተን ሥራ አቁመን ነው የወጣነው። እኔ ነገ በጠዋት ነው የምገኘው!»

እጁን ጨበጥሁት። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር? ለእሳቸው ሳልነግር ለጎረቤት ልንገር? ከዚያ ተነሥቼ ገርጂ ድረስ በእግሬ ሄድሁ። ፀሐዩ ኃይለኛ ነበር፤ መንገዱ ዳር ያሉት ሕንፃዎች መስታወት ያንጸባርቃል። በዚያ ብርሃን ውስጥ ስልኬ አሁንም አሁንም ይንቀጠቀጣል። ከጓዳው አንድ አንድ እየሆኑ ይወጡ ነበር፤ ትዳራቸውን፣ ፍርሃታቸውን፣ ያልጠየቁትን ይቅርታ በአንድ ወቅት ለጳጉሜ አደራ ብለው የሰጡ ሰዎች፣ ሁሉም ዛሬ እንደ ተናገሩ ሆነው። በሕይወት ያሉት በቁጣ ይጽፉልኝ ጀመር። የሞቱት ምንም አላሉም። ስልኬን አጥፍቼ በእናቱ በር ላይ ቆምሁ።

በኮንትራት መኪና መጡ። ጃንጥላው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ መስኮት ተጋድሟል።

«ያዝልኝ፣ ያዝልኝ! ዘርፉ መሬት እንዳይነካ!» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ከዚያ በፊት ያየሁት እሱ ከመስክ ሥራ ሲመለስ ብቻ ነበር። ቤት ገብተን ጃንጥላውን ግድግዳ አስደግፌ እስካቆም ድረስ አላረፉም። «ክፍሉን ነገ ነው የማስጠርገው። አልጋው ላይ የደረደርሁትን ቀለም ሁሉ አስወጣዋለሁ። እርጥበት ስላለው ፍራሹ ፀሐይ ይፈልጋል። ከስቶ ይሆን? አንተ ምን ትላለህ?»

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«ሰው ተቀመጪ ሲለኝ አልወድም» አሉ እየሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። አልተቀመጡም።

«ጽሑፉ ዝናብ ይላል» አልሁ። የጥር ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«እሱ ያለበት ይዘንባላ! አገር ሁሉ ገርጂ ነው እንዴ?»

«የዛሬ አይደለም፣ እማማ። የቆየ ጽሑፍ ነው። እርስዎ ዕቃ ከአሮጌ መጋዘን ወደ አዲስ ሲያዛውሩ ቀን የተጻፈበት ወረቀት የሚወድቅበት ካርቶን አይኖርም? ዛሬ ጠዋት መድረኩን ስናዛውር የእሱ ወረቀት ወደቀ። አዲሱ መጋዘን ዛሬ የገባ መስሎት "ዛሬ" ብሎ ለጠፈበት። እኔም አምኜ ነበር። ታክሲ ውስጥ እኔም አምኜ ነበር።»

«የመቼ ነው?»

«ከመሄዱ በፊት በነበረው ክረምት። በጳጉሜ። ጅማ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ የጻፈው ነው።»

አውሮፕላን መጣ፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ እስኪያልፍ ጠበቅን። ድምፁ ሲርቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያለ ሽማግሌ፣ ብቻህን፣ በጠራራ ፀሐይ መርዶ ልታረዳኝ መጣህ?»

«መርዶ አይደለም። መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፣ መርዶ አይደለም። ስለ እሱ ትናንት ከማውቀው የበለጠ ዛሬ የማውቀው ነገር የለም።»

«እሱማ ነው የከፋው» አሉ።

መርዶ ሥርዓት አለው። ሰዎች ተሰብስበው፣ ማለዳ፣ በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ ተነጋግረው ይመጣሉ። ጎረቤት አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚደግፉ እጆች በቅርብ ይዘጋጃሉ። እኔ ላመጣሁት ነገር ግን ማንም ሥርዓት አላወጣለትም። ሞተ አላልሁም፤ አለም አላልሁም። የሰጠሁት ምንም የለም፤ የወሰድሁት ግን አንድ ከሰዓት ሙሉ ኖረውበት የነበረ ልጅ ነው። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ልናገረው የምችለው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ከአንዱም አላገኘሁም።

በመጨረሻ ተቀመጡ። ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ፤ ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ጅማ መንገድ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ስንት ቀን ሙሉ ስልኩ አይነሣም። ልቤ ሊቆም። ሲመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም እኮ፣ እማ!" ለእናንተ ግን ቁጭ ብሎ ይጽፋል!» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ውሸታም! አንተ ውሸታም!»

ሳቁ። ሳቃቸው መቼ ወደ ልቅሶ እንደ ዞረ አላወቅሁም፤ አብሬያቸው ነበርሁ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እስኪበቃቸው አለቀሱ። ለሞተ ሰው የሚለቀስ ልቅሶ አልነበረም፤ ስሙን እየጠሩ የሚሳደቡት ስድብ በመካከሉ ነበረበት።

«ሌላም አለ?» አሉኝ በኋላ። «ያልነገርከኝ እዚያ የጻፈው ሌላም አለ?»

የጓዳው ደንብ እንዳይነበብ ነው። በሕይወቴ ደንብ ማፍረስ የሚከብደኝ ሰው ነኝ። ስልኬን ከፈትሁና አነበብሁላቸው። አንዱ ስለ ሥራ አለቃው ነበር፤ በጣም የሚያሳፍር ቅጽል አውጥቶለት ነበርና ያን ዘለልሁት፤ «ለምን ዘለልህ? አንብበው!» ብለው አስነበቡኝ። ሌላው ስለ ሩፋኤል ዝናብ ነበር። ልጅ ሳለ በዚያ ቀን እናቱ ልብሱን አውልቀው ደጅ አስወጥተውት፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያለ በዝናቡ ሲዘል፣ በረንዳው ላይ ቆመው «ጩኽ፣ አለዚያ ሩፋኤል ድምፅህን አይሰማም!» ይሉት እንደ ነበር ጽፏል። «ጮኽሁ፤ ግን ቁመቴ እንደምታዩት ነው» ይላል። «አሁንም በዝናብ ስሠራ አንድ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ጩኽ የሚለኝ ይመስለኛል።»

«እንዲህ ብሎ ጻፈ?»

«እንዲህ ብሎ።»

«ድገምልኝ።»

ደገምሁላቸው። በረንዳው እዚያው ነበር፤ በሩ ክፍት ሆኖ ደረቁ ሲሚንቶ ይታያል። ሁለታችንም ወደዚያ አየን። እውነቱን ለመናገር፣ የሆነ ሰው ከደጅ እንዲጮኽ የጠበቅሁ ይመስለኛል፤ እሳቸውም ጆሯቸውን አዘንብለው ነበር።

«በል አሁን» አሉ በመጨረሻ፣ «ወደ ቀኑ ይመለስ። ዛሬ ሳይጽፍ ዛሬ ጻፈ አይባልበት። ሌላ ሰው ደግሞ አይቶ እንዲህ እንዳይሆን።»

ለፕሮግራመሯ መልእክት ላክሁ። ስልኩን ሁለታችንም ይዘን ገጹን እያየን ጠበቅን። በመጀመሪያ መምህሩ ሄዱ። ከዚያ ሴትዮዋ፣ ከዚያ ገጣሚው። የእሱ ስም ለጥቂት ጊዜ ከላይ ብቻውን ቀረ። እናቱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ስሙ ላይ አደረጉ። ገጹ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ጣታቸው ሥር የነበረው ባዶ ነጭ ቦታ ነበር። እጃቸውን ወዲያው አላነሡም።

ስነሣ ጃንጥላውን አየሁት። ለሻጩ መልሼ ልውሰድልዎት ልል ነበር፤ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ነገ በጠዋት ና። ብቻዬን አልችለውም፤ ትይዝልኛለህ።»

«ግን እማማ፣ ስለቱ...»

«ና ብዬሃለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ጃንጥላውን በትከሻዬ ተሸክሜ ከኋላቸው ገባሁ። ቅጥር ግቢው ነጭ ለብሶ ነበር። መስታወት ቆራጩ ቃሉን ጠብቆ መጥቶ፣ ከእድሩ ሴቶች ጋር ከፊት ቆሞ ይጠብቀናል፤ ሴቶቹ እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ነበር። ስለት የሚቀበለው ወጣት ዲያቆን ላስቲኩን ገልጦ ዘርፉን አየና ማጉያውን አነሣ።

«እናቴ፣ ስለቱ ስለ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ለሕዝብ ይነገርልዎት።»

«ስለት አይደለም፣ ልጄ» አሉት። «ስጦታ ነው። እንዲሁ ነው ያመጣሁት።»

ዲያቆኑ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ አየ። ከእድሩ ሴቶች አንዷ ጠጋ አለች። «እንዴ፣ ስለትሽ ደርሶልሽ የለ? ልጅሽ ጻፈ አይደል እንዴ?»

«ስህተት ነበር» አሉ፣ በአካባቢያችን የቆመው ሁሉ እንዲሰማ በጠራ ድምፅ። «ስለቱ ገና ነው። በደረሰ ጊዜ ሌላ ጃንጥላ አመጣለሁ፤ ያን ጊዜ እልል በሉልኝ።»

ሴትዮዋ እጇን ከአፏ አወረደች። ዲያቆኑ ማጉያውን ዘግቶ ጃንጥላውን በሁለት እጁ ተቀበለና ወደ ዕቃ ቤቱ ይዞት ሄደ። እናቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሴቶች መቆሚያ አለፉ። እኔ በወንዶቹ በኩል ቆምሁ፤ የስም ጸሎት ሲደርስ ካህኑ በሕይወት ያሉትን ለብቻ፣ ያረፉትን ለብቻ ጠሩ፤ የጓደኛዬን ስም በሁለቱም ውስጥ አላስገባሁም።